በላቸው የሞተበት በሽታ

በላቸው በጉበት ነው የሞተው፤ የአይከል ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። እህቱ እንኳየሁ ግን ሌላ ታውቃለች። ጎንደር ለምርመራ ወስዳው፣ ምስሉ እንዲጎላ ብለው ቀለም የሚሉትን መድኃኒት በክንዱ ከወጉት በሦስተኛው ቀን ገላው ቀላ፤ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያም እንደ ተቀቀለ ድንች መላጥ ጀመረ። ሲሞት የገነዙትን ሁለት ዘመዶች አስምላ ዝም አሰኘች። ቆዳው የተላጠ ሰው የወጣበት ቤት ቁምጥና አለበት ይባላል፤ እንዲህ ከተባለ ቤት ደግሞ ሚስት የሚወስድ የለም። እንኳየሁ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት።

ስምንት ዓመት አለፈ። ትልቋ ልጅ ወንጌላዊት ለዲያቆን ልዑልቃል ታጨች። ሽማግሌ ሲላክ የልዑልቃል እናት ይመኙሽ እስከ ሰባት ቤት ዘር አስቆጠረች። ልጇ ነገ ቅስና ይቀበላል፤ ካህን የሚያገባው አንዴ ነውና ብትጠነቀቅ አይፈረድባትም። እንኳየሁም ሰባቱን ቤት ስትቆጥር በላቸውን በጉበት አሳለፈችው፤ አንዴም አልተደናቀፈች።

ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው ወንጌላዊትን ሆዷን አመማት። ሐኪሙ ጎንደር አራዳ ካለ አንድ የምርመራ ቤት ሲቲ ስካን እንድትነሣ አዘዘላት። ይመኙሽ ምራቴን ብቻዋን አልተዋትም ብላ አብራ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

ነርሷ ሃጂራ ቅጹን ይዛ ስለ አስሙም ስለ ኩላሊቱም ጠየቀች። በመጨረሻ እንኳየሁን ቀና ብላ አየቻት።

"እማማ፣ በሥጋ ዘመድዎ ይኸን ቀለም ተወግቶ ቆዳው የተቆጣ፣ የተላጠ ሰው አለ? አንዳንዴ በዘር ይመጣል።"

በዘር ሲባል ይመኙሽ አንገቷን መዘዝ አደረገች። ወንጌላዊት ሆዷን ይዛ አግዳሚው ላይ ጎብጣለች፤ አማቷ ደግሞ መልስ ትጠብቃለች። እንኳየሁ ለየትኛዋ እንደምትመልስ ማወቅ ነበረባት፤ አላወቀችም።

"የለም፤ ዘራችን ንጹሕ ነው" አለች።

ሃጂራ የተነገራትን ጻፈች። ምን ታድርግ?

ቀለሙን በተወጋች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንጌላዊት አንገቷን ስታክ እናቷ አየቻት። በላቸውም የጀመረው ከአንገቱ ነው። ሆስፒታል አድርሳ ለሐኪሙ የደበቀችውን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ እሱም የቻለውን አደረገ፤ ቆዳው ግን መላጡን አልተወም። ሃጂራ ሰምታ አልጋው ድረስ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

"ነግረውኝ ቢሆን ያለ ቀለሙ እናነሣት ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲያ ለእንኳየሁ ሌላ ድምፅ አልተሰማትም። ወንጌላዊት በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ ይመኙሽ ጥቁር ለብሳ ከእንኳየሁ ጎን ተቀመጠች። ታናሺቱን ወለተሩፋኤልን ትከሻዋን አቅፋ፣ ከልቧ አለቀሰችላት። ድንኳኑ ሲሞላ ወደ እንኳየሁ ጆሮ ጠጋ አለች።

"መድኃኒቱ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ሰው ግን ሌላ ስም ይሰጠዋል። ለጠየቀሽ ጉበት ነው በይ። ይች ልጅ አለችሽ።"

እንኳየሁ ዞራ አየቻት። ያንኑ ውሸት አሁን ሰው በደግነት አቀበላት። ከፍራሹ ተነሣችና ድንኳኑ ሙሉ እንዲሰማ ተናገረች።

"ልጄን ጉበት አልገደላትም። ወንድሜን በላቸውንም አልገደለውም። የምርመራውን ቀለም ሲወጉት ቆዳ የሚልጥ ነገር በዘራችን አለ። ወለተሩፋኤልም ይኖርባት ይሆናል። እኔ ባልኖር ለሐኪም ንገሩላት።"

ይመኙሽ ከወለተሩፋኤል ትከሻ ላይ እጇን ቀስ ብላ አነሣችና ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።