ስምንተኛው ወንበር

«እማዬ፣ ‹ቆይ› ሲልሽ አልሰማሽውም?»

ጠያቂዋ ኢብቲሀል ናት። እናቷ ማብሩካ እስክሪብቶውን እንደጨበጠች ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፈቃድ ወረቀት ታያለች። ከግርጌው ላይ፣ አንዱ ፊደል ወጣ ሌላው ገባ ብሎ፣ የገዛ ስሟ ተጽፏል። የብርዱን ወራት ሙሉ በሴቶች ማኅበር ቤት ወንበር ላይ ጎብጣ የተማረችው ስም ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ላዝሃር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «አክስቴ ማብሩካ፣ መዝገቤ ላይ ያለሽው በአውራ ጣት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአውራ ጣት! ዛሬ ተነስተሽ ስም ጻፍሽልኝ። ይህን አትሜ ብሰጥ የአየር ማረፊያው ፖሊስ ‹ይህቺ ደግሞ ማን ናት?› አይለኝም?»

«እኔ ነኛ። አንብበው።»

«አነበብኩት፤ ያምራልም። ግን አይሠራም። አዲስ ፊርማ የሚመዘገበው ሰኞ ነው። ዛሬውኑ ካላችሁ አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ቴምብር፣ የዱሮዋ ጣት።»

ቴምብር የሚሸጠው ላይኛው ሰፈር ነው። በበጋ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን አምስት ተኩል ሆኗል። ውጭ ደግሞ የሾፌሩ የቡጀምዓ ሉዋጅ፣ ስምንት ሰው ሲሞላ ወደ ቱኒስ የምትነሳው መኪና፣ የኢብቲሀልን ሻንጣ ጭና ቆማለች። አውሮፕላኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ኢብቲሀል ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው።

ኢብቲሀል ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ባለግመሎች ጨው ጭነው በረሃውን ያቋርጡበት የነበረውን መንገድ ነው። የምትሄደው በረሃው ማዶ እስካለችው ኑዋክሾት በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲያ ባገኘችው የጭነት መኪና። ጎረቤቱ ሁሉ «ቤትሽ ጨው አልቆ ነው እስከዚያ የምትልኪያት?» እያለ ሲስቅ ከርሟል። ማብሩካም አብራ ትስቃለች። ከዚያ ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ መኪና ሲገለበጥ ይታያታል፣ ውሃ ሲያልቅ ይታያታል፣ ስልክ ሲጠራ የሚያነሳው ሲጠፋ ይታያታል።

አባቷ ሞቷል። ለብቻዋ የምትሄድ ሴት ለአካለ መጠን ብትደርስም የወላጅ ፈቃድ ልትጠየቅ ትችላለች ስላሏት ኢብቲሀል ወረቀቱን ሳትይዝ መሄድ አልደፈረችም። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ቀን ያጓተተችው ግን ማብሩካ ናት። ማክሰኞ ወገቧን አማት። ረቡዕ መታወቂያዋ ጠፋ። ሐሙስ ማታ መታወቂያው ከኩስኩስ ማሰሮው ውስጥ ተገኘ።

ማብሩካ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች።

«አክስቴ፣ ቁጭ በይ እንጂ፤ ወለሉን ፈጀሽው» አለ ላዝሃር። «ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው ‹ቆይ› ያልኩሽ።»

«ጆሮዬ ደከም ብሏል።»

«ትናንት ከሚስቴ ጋር በሹክሹክታ ስናማሽ ከመንገድ ላይ ሆነሽ መልስ የሰጠሽን በየትኛው ጆሮሽ ነው?»

በሩ ተበረገደና ከሉዋጇ ተሳፋሪዎች አንዷ፣ ሀጃ ቱርኪያ፣ ገባች። ጉንጯን በሻሽ ጠቅልላ አናቷ ላይ አስራዋለች። «የት አለች ያቺ የጨው ተማሪ? ጥርሴን የሚነቅለው ሐኪም ቱኒስ ላይ ስምንት ሰዓት ተኩል ብሎኛል። እናንተ እዚህ የጽሕፈት ትምህርት ከፍታችኋል!»

«ሀጃ፣ ትንሽ ታገሺን» አለች ማብሩካ።

«ጥርሴን ለምኚው ይታገስሽ!» የግድግዳውን ሰዓት አየች፣ በጣቷ ቆጠረች። «አልደርስም። በቃ፣ ሻንጣዬን ላውርድ። ጥርሴም በድንጋጤው ዝም ብሏል።»

ኢብቲሀል የመጣችው ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፤ የአንዱ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ ጫማውን በእጇ ይዛዋለች። ቀና ሳትል አዲሱን ቅጽ መሙላት ጀመረች። ማብሩካ የዚያን ባዶ እግር አቧራ አየችና አላስቻላትም።

«ሰምቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«‹ቆይ› ሲለኝ። ሦስቱንም ጊዜ።»

ኢብቲሀል ላቧን በክንዷ ጠረገች። «የኩስኩስ ማሰሮውንም አውቄዋለሁ» አለች። እየሳቀች ይሁን ተቆጥታ ማብሩካ አልለየችም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አጥብቃ ጫነችው። ላዝሃር ማኅተሙን አሳረፈበት።

ውጭ ሲወጡ ግን ቡጀምዓ ሞተሩን አጥፍቶ በሩን ተደግፏል። «ሀጃ ሻንጣዋን አወረደች፤ ሰባት ነን» አለ።

«ሰባት ይበቃል፣ አጎቴ። ለባዶው ወንበር እኔ እከፍላለሁ።»

«ክፍያ መቼ ጠየቅኩሽ? ሰው ነው የጠየቅኩት። ባዶ ወንበር ይዤ ይህን ኮረብታ አልወርድም፤ አባቴም አልወረደም። ባዶ ወንበር ላይ የማይፈለግ ነገር ይሳፈራል።»

«ኧረ በአላህ፣ እንሂድ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ስምንተኛ አምጣና እንሂድ።»

አደባባዩ ላይ ሌላ ሰው የለም። ፀሐዩ ሁሉንም ቤት አስገብቶታል። ኢብቲሀል መንገዱን ታያለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ እንደገና መንገዱን። ማብሩካ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ቆማ አሰበች። አንድ ሰዓት እንዲህ ካለፈ አውሮፕላኑ ይሄዳል። የምታጠፋው ነገር የለም፤ ዝም ብላ መቆም ብቻ ነው። «ማብሩካ አስቀረቻት» የሚል አይኖርም። የቡጀምዓ አባት አስቀሯት፣ የሀጃ ቱርኪያ ጥርስ አስቀራት ይባላል።

የቤቷን ቁልፍ ከጉያዋ አውጥታ ሻንጣዋ ላይ ለተቀመጠችው ለሀጃ ቱርኪያ ወረወረችላት።

«ዶሮዎቼን ውሃ አጠጪልኝ።»

«ወዴት ነው?»

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ስምንተኛ ነኝ።»

«በቤት ጫማ? ቱኒስ?»

«ቱኒስ እግሬን አታይም። ቡጀምዓ፣ ተነስ!»

ሀጃ ቱርኪያ ቁልፉን ይዛ ሳቀችና ወዲያው ጉንጯን ያዘች።

ማብሩካ በዕድሜዋ ቱኒስን አይታ አታውቅም። መንገዱን ሙሉ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ጽሑፎቹን ታነባለች፤ አንዱንም ሳትጨርስ ያልፋታል። ቡጀምዓን «ዝግ በል» ትለዋለች፤ ወዲያው ደግሞ ሰዓቱ ትዝ ይላትና «ኧረ ንዳው!» ትለዋለች። ኋላ ላይ ተሳፋሪዎቹ አዘኑላትና ጀምራ ያመለጣትን ቃል አንድ ላይ ሆነው ይጨርሱላት ጀመር። ኢብቲሀል ከጎኗ የተበጠሰ ጫማዋን በክር ትጠግናለች።

አየር ማረፊያው በር ላይ ቸኩለው ተሳሳሙ። ጥቂት ቆይቶ የማብሩካ ስልክ ጮኸ።

«እማዬ፣ አልፌያለሁ። ወረቀቱን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ይዘሽዋል?»

«ይዤዋለሁ።»

ኢብቲሀል ሄደች። ማብሩካ፣ የመመለሻዋ ሉዋጅ ስምንት ሰው እስኪሞላ፣ ቱኒስ ቀረች።