የማዋለጃ ክፍሉ ወለል

እንግዳ ሲመጣ ጥረጊ፣ እንግዳ ሲሄድ ዋጪ። የጤና ጣቢያችን ሕግ ይኼው ነው፤ እኔም የጽዳት ሠራተኛዋ ስንት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ስብከነከን ኖሬያለሁ።

ድሮ ዝናቡ ቀስ እያለ ሰንብቶ ይዘንብ ነበር። አሁን ሰማዩ ይደርቅ ይደርቅና አንድ ቀን ያለ የሌለውን ይዘረግፈዋል። ፊት ለፊታችን ያለውን አስፋልት ደግሞ ከደጃፋችን ከፍ አድርገው ሠሩት፤ ከሥሩ የቀበሩት ቱቦ የእኔን ጭን አያክልም። ዶፍ በወረደ ቁጥር ውሃው መሄጃ ያጣና የሰፈሩን ሽንት ቤት ሁሉ ይዞ በማዋለጃ ክፍላችን ወለል ይወጣል። የሰው ዓይነ ምድር፣ ያበጠ አይጥ፣ ትሉ። ሴት በምትወልድበት አልጋ ሥር!

አምና ሁለት አራሶች ትኩሳት ይዟቸው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተጭነው ሄዱ፤ አንዷ አልተመለሰችም። ዘንድሮ የልጄ መውለጃ ደርሷል። በቅርብ ሌላ ማዋለጃ የለም።

ባለሥልጣኖቹ ሊጎበኙን የቀጠሩን ዕለት ዶፉ ወርዶ አደረ። ኃላፊያችን ሱሪውን ሰብስቦ በጫማው ጫፍ እየተራመደ መጣ።

«እትዬ፣ ቶሎ በይ! በረኪናውን ሳትሰስቺ አፍስሺው፤ መንገድ ላይ ናቸው።»

«ይዩታ።»

«ምኑን?»

«ቆሻሻውን ነዋ! እኔ አጥባለሁ፣ እነሱ አመስግነው ይሄዳሉ፣ እሱ ተመልሶ ይመጣል። እስከ መቼ?»

«ሪፖርት አድርገናል ብዬሽ የለ?»

«ሪፖርት ቱቦ ያሰፋል እንዴ?»

«ድሮም ደረቅ ነሽ!»

«እርጥቡማ አልጋው ሥር አለልህ።»

አዋላጇ ሲስተር አፏን ይዛ ሳቀች። እሱ መወልወያ ፍለጋ ሲሮጥ ቀድሜው መወልወያና በረኪና ያለበትን የዕቃ ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩ። የማዋለጃውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

እንግዶቹ መጡ። ፊት ፊት የሚሄደው ሰውዬ ደፉ ላይ ቆመና በከረባቱ አፍንጫውን ያዘ።

«ግቡ እንጂ፣» አልኳቸው፤ «ልጄ የምትወልደው እዚህ ነው።»

እየተያዩ ገቡ። በሩን ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ።

«ሴትዮ፣ ምን ማድረግሽ ነው?»

«ስልክ አላችሁ አይደል? መንገዱን የሠራውን መሐንዲስ ጥሩት።»

አንደኛው እዚያው አስታወከ፤ ምን ችግር አለ፣ ማን ይለየዋል። ኃላፊያችን ከውጭ እየደበደበ ስሜን ይጠራል። እኔ ወይ ፍንክች!

በሩን የከፈትኩት መሐንዲሱ ሲያንኳኳ ነው። እሱንም አስገባሁና መልሼ ዘጋሁት።