አፍንጫዋ ላይ የቀረው አፈር

ኑ፣ አጠገቤ ቁጭ በሉ ልጆቼ፤ ስለ ጎረቤቴ ስለ ፍሬርክና ስለ አደን ውሻው ስለ ሁልዳ ላጫውታችሁ።

እዚህ ጀርመን አገር፣ ሴለ ከተማ አጠገብ፣ በእኛ የአዳኞች ማኅበር ደንብ፣ ትልቁን የአደን ፈተና ያላለፈች ውሻ አትወልድም። ፍሬርክ ከአባቱ ከወረሳቸው ውሾች ዘር የቀረችው ሁልዳ ብቻ ነበረች። እድሜዋ ስለገፋ ያ መኸር የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

በጋውን ሙሉ የሞተ ቀበሮ ከጫካ አንስታ እንድታመጣለት አለማመዳት። ቀበሮው ግን ያው አንዱ ነበር፤ ከማቀዝቀዣ ያወጣዋል፣ መልሶ ይከተዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ሸቷል እኮ፤ ሌላ ፈልግ» አልኩት።

«ታልካ፣ አንቺ አፍንጫሽን ያዢ። ዳኞቹስ ሽቶ የተቀባ ሊሰጧት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በፈተናው ቀን ዳኞቹ የሞተ ቀበሮ መሬት ለመሬት ጎትተው ጫካው ውስጥ አኖሩ። ሁልዳ ሽታውን ተከትላ ገባች፤ ቆየችም። ስትመለስ አፏ ባዶ ነው፤ አፍንጫዋ ላይ አፈር አለ። ጭራዋን እየቆላች ፍሬርክ እግር ሥር ተቀመጠች።

የዳኞቹ አለቃ ቲልዳ ሄዳ አይታ መጣች።

«ቀብራዋለች፣ ፍሬርክ። የምትቀብር ውሻ ደግሞ ዳግም ለፈተና አትቀርብም።»

«ውሻ የሸተተ ሲያገኝ ይቀብራል፤ የሸተተ እያሸከምኩ ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ደንቡ ግን የሚያየው እሷን ነው።»

ፍሬርክ ሁልዳን አልተቆጣትም። አፈሩን በእጅጌው ጠረገላትና ይዟት ወደ ቤት ሄደ። ሁልዳ ሳትወልድ አርጅታ ሞተች፤ ዘሩም በዚያው ጠፋ።

አደራችሁን፣ ደግ የሠራች መስሏት ጭራዋን እየቆላች መመለሷን አስታውሱልኝ።