ኩሽኔታዬ ያለቀበት ቀን

ባለቤቴ ከሊፋ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ስለ ሆስፒታሉ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ጣሊያን አገር፣ በወይን ተክል የተከበበ የጎልፍ ሜዳ ነው። እዚያ የዋልነው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ከሊፋ ያደገው ደሴ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ሲመጣ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ሆነ። የጎልፍ ነገር የያዘው እዚያ ነው፤ ሲያመላልሳቸው ከነበሩት መንገደኞች አንዱ ሽማግሌ አሮጌ ዱላዎቹን ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ ከተማው ጥግ፣ ጋሃና ካለው የጎልፍ ሜዳ አይጠፋም። አብሮት የሚሠራው ያደታ አይለቀውም ነበር።

«ጋሼ ከሊፋ፣ ይሄማ ከብት ጥበቃ ነው። ዱላው አለ፣ ሣሩ አለ፣ የጠፋው ከብቱ ብቻ ነው።»

«ከብቱማ አንተ አለህልኝ» ይለዋል ከሊፋ።

በኋላ ልቡ ደከመች። ዶክተሩ ሜዳ ለሜዳ ቀስ እያለ እንዲሄድ ፈቀደለት፤ ዳገትና ደረጃ ግን ከለከለው። መኪናው ላይ የሚሰቀል የሃንዲካፕ፣ ማለትም የአካል ጉዳተኛ፣ ፓርኪንግ ወረቀትም ሰጠው። ከሊፋ አንድ ቀንም አልሰቀለውም። ሞርስ ሮድ ገበያ ስንሄድ በሩ ሥር ያለውን ሰማያዊ ቦታ አልፎ ጥግ ድረስ ሄዶ ያቆማል።

«ሸይሚ» አለኝ አንድ ቀን መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥን፣ «በሽታውስ ባልከፋ። ሰው ሲያዝንልኝ ነው የምደክመው። አንድ ቀን ማንም ‹ተሻለህ ወይ› ሳይለኝ ብውል፣ ወላሂ ይበቃኛል።»

ልጃችን ሐናን የጎልፍ ቀኑን ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ቶስካና የሚባል አገር፣ የሁለት ሰው፤ ጠዋት ጨዋታ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከሰዓት አቅራቢያ ያሉትን ቦታዎች ማየት። ዶክተሩም ሂዱ አለ። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። መሃሉ ላይ «ሃንዲካፕ» የሚል ጥያቄ ነበረው። እኔ ቃሉን የማውቀው ከፓርኪንግ ታፔላ ነው። ብዋሽ ከሊፋ ላይ አደጋ አመጣለሁ ብዬ፣ ማን እንደሆነ ሳልገልጽ፣ «ረጅም መንገድ መሄድ አይቻልም» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። በጎልፍ ቋንቋ ሃንዲካፕ የተጫዋቹ የችሎታ ቁጥር መሆኑን የሰማሁት ከተመለስን በኋላ ነው። ሐናን «ማም! ኦ ማይ ጋድ!» ብላ ሶፋው ላይ ተንከባለለች።

የደረስን ጠዋት ጉም ነበር። ኮረብታዎቹ ከጉሙ በላይ ጫፋቸው ብቻ እየታየ፣ የቆሙ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። የወይኑ ረድፍ ከሜዳው ጠርዝ ይጀምርና ጉሙ ውስጥ ይገባል። ከሊፋ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ሣሩን ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። ሲነሳ ፊቱ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

ከዚያ ብሩኖ መጣ። ቀኑን ሙሉ አብሮን የሚውለው አስጎብኚ ነው፤ ሽማግሌ፣ ቀይ ጉንጭ ያለው። የሚነዳት ትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ ላይ ሰማያዊ ባንዲራ ተተክሏል፤ ባንዲራው ላይ ያ የማውቀው የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል አለ።

«መሄድ ለማይችለው ነው» አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ከሊፋን አየ።

የከሊፋ ፊት ሲከስም አየሁት። እጁ ቦርሳው ማንገቻ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጉልበቴን ያዝኩ።

ከሊፋ ዞር ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ብሩኖ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቅ፣ ከሊፋ ወደ ጉልበቴ እየጠቆመ መለሰለት።

«ኩሽኔታ» አለ። «ኩሽኔታ ፊኒቶ።»

የከሊፋ ጣሊያንኛ የጋራዥ ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። ኩሽኔታ ደግሞ ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ቀለበት ነው፤ አለቀ ማለቱ ነው። ብሩኖ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ጋሪዋንም ለእኔ ለቀቀልኝ።

እንዲህ ሆነን ዋልን። እኔ ሰማያዊ ባንዲራ ተክዬ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ ይሄዳል። እርምጃውን እያየሁ ቀነስኩለት፤ ሲደክመው የጋሪዋን ጣሪያ ይዞ ይቆማል፤ ለሚያየው ሰው ባል ሚስቱን የሚያጫውት ነው። ይመታል፤ ኳሷ ጉሙ ውስጥ ትገባለች፤ የት እንደምትወድቅ ግን ሁለታችንም አንጨነቅም። አንዴ ወይኑ መሃል ገባችበትና ሊፈልጋት ሄደ። የሚታየኝ በቅጠሉ ላይ የሚሄደው ነጭ ኮፍያ ብቻ ነበር። ሲመለስ ኳሷ የለችም፤ አንድ ዘለላ ወይን ይዟል።

«ሸይሚ፣ ያመመሽ ግራው አልነበረም እንዴ? አሁን ቀኙን ይዘሻል።»

«ተዛመተ።»

«አላህ ይማርሽ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ከምሳ በኋላ ብሩኖ የወይን ጠጅ ጎተራ ወሰደን። በርሜሎቹ በጨለማው ውስጥ እንደ ተኙ ዝሆኖች ተደርድረዋል። ብርጭቆ ሲያቀርብልን ከሊፋ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኛ ጠጅ ሳይሆን፣ ፍሬ እያለ ነው የምንደርስበት» አለው፤ ትርጉሙ ደረሰውም አልደረሰውም፣ ብሩኖ አንድ ሳህን ወይን አመጣልን። እኔ እያነከስኩ ገባሁ፣ እያነከስኩ ወጣሁ።

የመጨረሻው መንደሩ ነበር፤ ከኮረብታ ላይ፣ አንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ ያለበት።

«መቶ ሃያ ደረጃ» አለ ብሩኖ። «ማዳም ከእኔ ጋር ትቀመጥ።»

ከሊፋ ግንቡን ከሥር እስከ ላይ አየው።

«ከሊፋ» አልኩት በአማርኛ፣ «ዶክተሩ ያለውን...»

«አብሽሪ። ቀስ እላለሁ።»

ገባ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እግሮቼ ደህና ናቸው፤ ሮጬ እደርስበታለሁ። ከተነሳሁ ግን ብሩኖ ያየኛል፤ አይቶኝም ወደ ግንቡ ያያል፤ ከሊፋም ሲወርድ የሚጠብቀው ያ የሚያዝን ዓይን ይሆናል። ጫማውን ድንጋዩ ላይ እሰማ ነበር። ቆመ። እንደገና ጀመረ። ቆመ። በሁለት እጄ ጉልበቴን ጨበጥኩ፤ ያኔ የእውነት ያመኝ ጀመር።

«ባልሽ ጠንካራ ሰው ነው» አለ ብሩኖ።

«አዎ» አልኩ። «ጠንካራ ነው።»

የጫማው ድምፅ ጠፋ። ወፎች ከጣሪያው ተነስተው ዞሩ። የያሲንን ሱራ መቅራት ጀምሬ መሃሉ ጠፋብኝ። ቀና ስል ከሊፋ ላይኛው መስኮት ላይ ነበር፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወይኑን የሚጎበኝ ባለርስት መስሎ። ወደ ታች አላየም። እኔም አልጠራሁትም።