አቶ ኃይለመስቀል የበርበሬ ሱቅ ሲቀይሩ

ለወዳጅም ለጠላትም ይታወቅ! ከ2014 የአትላንታ በጋ መባቻ ጀምሮ አቶ ኃይለመስቀል በርበሬ የሚገዙት አትላንታ ዳር ዶራቪል ካለው ከነጋሽ ሱቅ ሳይሆን፣ አርባ ደቂቃ ተነድቶ ከሚደረስበት ሌላ ሱቅ ሆኗል።

ምክንያቱ ከባድ ነው። አንድ ቅዳሜ ከመንገድ ማዶ እጃቸውን አንስተው ሰላም ቢሉት፣ በሱዳን ስደት አብሯቸው አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት የለበሰው ነጋሽ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ሳለ ዝም ብሎ ወደ ሱቁ ገባ። «ናቀኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ እህል አልጥም አላቸው፤ ከማኅበርም ቀሩ፤ ስልክም ዘጉ።

ልጃቸው ሶስና ነርስ ናት። «አባዬ፣ ይሄ ኩርፊያ ብቻ አይደለም። አፖይንትመንት ይዤልሃለሁ» አለችና አማርኛ ከምትችል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከርብቃ ዘንድ አደረሰቻቸው።

ርብቃ ወረቀት ሰጠቻቸው። ምን ሆነ? ምን አሰቡ? ምን ተሰማዎት? ምን አደረጉ?

«ያስከፋዎት የሰላምታው መቅረት ሳይሆን ‹ናቀኝ› ማለትዎ ቢሆንስ? እስቲ ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ ይፈልጉለት።»

ማስረጃ! አቶ ኃይለመስቀል በወጣትነታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በሳምንቱ ሦስት ምስክር ከነአድራሻቸው ጽፈው መጡ።

ርብቃ ሳቋ አመለጣት። «የምንመረምረው ሐሳብዎን እንጂ ነጋሽን አይደለም። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ብዕሩን አነሱ። ከዚያ ዳር ላይ፣ በትንንሹ፣ «አላየኝ ይሆናል» ብለው ጻፉ። ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ፈቀቅ አለ። ይሄም አናደዳቸው፤ ሁለት ወር የተንከባከቡት ቂም በሁለት ቃል!

የርብቃ የቤት ሥራ ነጋሽ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ማየት ነበር። ቅዳሜ ዶራቪል፣ ሱቁ ፊት ለፊት መኪናቸውን ፓርክ አደረጉና «ደግሞ ቢንቀኝስ?» እያሉ ሞተሩን ሁለቴ መልሰው አስነሱ። በሦስተኛው ወረዱ።

ነጋሽ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ አንድ ፌስታል አፍንጫው ላይ ለጥፎ ጽሑፉን ይፈልጋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ፌስታሉ ከእጁ ወደቀ። «ኃይሌ! ዓይኔን ሞራ ጋርዶት እኮ ሰው አልለይም! አንተ ደግሞ ስትጠፋ፣ ‹ሸክም እንዳልሆንበት ሸሸኝ› ብዬ ተቀመጥኩ።»

አቶ ኃይለመስቀል ባንኮኒውን ዞረው ገቡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ።

«ይሄ ሽሮ። ይሄ በርበሬ። ይሄኛው ሚጥሚጣ ነው።»

«ሚጥሚጣ? ወይ ጉድ! ደንበኛው ሁሉ ለምን እንደሚጮህብኝ አሁን ገባኝ!» ነጋሽ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ትከሻቸውን በዳሰሳ አገኘው። «ለመሆኑ ሁለት ወር ሙሉ ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?»

አቶ ኃይለመስቀል የርብቃን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ጠለቅ አድርገው ከተቱት።

«አልናገርም።»