ማቲልዴ የተባሉት ሁሉ

ዘመናይ ልጇን ማቲልዴ ብላ መጥራቷ ብዙዎቻችንን ግር ያሰኘን ነበር። ሮም ያለን ሐበሾች ለልጆቻችን ስም ስናወጣ ወይ አርሴማ፣ ሄራን እያልን አገራችንን እናስታውስበታለን፣ ወይ ደግሞ ለጣሊያኖቹ አፍ የሚቀል እንደ ሣራና ማርታ ያለ እንመርጣለን። ማቲልዴ ግን የአሮጊት ስም ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጣሊያን አሮጊቶች ሳስታምም ኖሬ ሁለት ማቲልዴዎች ቀብሬያለሁ። ሁለቱም ከዘጠና በላይ ነበሩ።

ስሜ የሺወርቅ ነው። ዘመናይን ያወቅኋት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ኋላ ጎረቤቴ ሆነች፤ ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ እኔ ከምኖርበት ፎቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ከልጇ ጋር ትኖራለች። ጠዋት የሁለት ቤት ጽዳት ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ታስታምማለች። ብዙ አታወራም። ስለ መንገዷ፣ በጀልባ ስለተሻገረችው ባሕር፣ ሊቢያ ስለቀረው ባሏ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማቲልዴ ደብተሯን ታቅፋ ወደ እኔ ወረደች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በአማርኛ ትጀምርና ሲቸግራት ወደ ጣሊያንኛ ትሻገራለች።

«እትዬ የሺ፣ እርስዎ ጀርመን አገር ሄደው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አልሄድኩም። ምነው?»

«መምህራችን የስማችሁን ታሪክ አምጡ አለችን። የኔ ስም የጥንት ጀርመኖች ነው አለች። ‹በጦርነት የበረታች› ማለት ነው ስትል ልጆቹ ሳቁብኝ። ማማን ከየት አመጣሽው ብዬ ስጠይቃት ‹ከባቡር› ትለኛለች።»

ዘመናይ ተከትላት ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አትቀልድም።

«ከባቡር ነው እኮ» አለች። ገብታ ወንበር ሳበችና እስከዚያ ቀን ለማንም ያልነገረችውን ነገረችን።

ያኔ ባሕሩ ዳርቻ ባለችው ኦስቲያ አጠገብ ስደተኞች የሚቀመጡበት ማዕከል ውስጥ ነበረች። ለፔርሜሶዋ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ አሻራ ለመስጠት ሮም መጥታ በኦስቲያ ባቡር ስትመለስ ምጥ ያዛት። ቀኑ ገና ነው ተብላ ስለነበር አንድም የተዘጋጀችው ነገር የለም። ፉርጎው ውስጥ የነበረው ሰው ተነሥቶ ራቅ አለ፤ አንዳንዱ አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩን አወጣ፤ አንዱ ጮክ ብሎ ሐኪም ካለ ጠየቀ። ሐኪም አልነበረም። መነጽር ያደረገች፣ ግራ እጇ ላይ የካውያ ጠባሳ ያለባት አጠር ያለች ሴት ግን ሰዉን እየገፋች መጥታ አጠገቧ ተንበረከከች። ጃኬቷን አጣጥፋ ትራስ አደረገችላት፣ የለበሰችውን ነጭ ሽርጥ ፈትታ አነጠፈችላት። ኦስቲያ አንቲካ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ቆሞ አምቡላንሱን ሲጠብቅ ልጅቱ ቀድማ መጣች።

«አንድ ቃል እንኳ አልተግባባንም» አለች ዘመናይ። «ሽርጡ ላይ በሰማያዊ ክር ‹ማቲልዴ› የሚል ተጠልፎ አየሁ። ፊደሉን ማንበብ እችል ነበር። በጣቴ እያሳየሁ ‹ማቲልዴ?› ስላት ‹ሲ፣ ሲ፣ ማቲልዴ› አለችኝ። ወዲያው አምቡላንሱ ደረሰና ወሰዱን። ሽርጡም እዚያው ሆስፒታል ቀረ።»

ከሆስፒታል እንደወጣች ከነልጇ ሰሜን ወዳለ ሌላ ማዕከል አዛወሯት። ሦስት ዓመት ቆይታ ወደ ሮም ስትመለስ የዕረፍት ቀኗን እየጠበቀች በዚያ ባቡር እየተመላለሰች የሴቶችን ፊት ታይ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልነገረችንም። እኔ ግን ያን ቀን እግሯን አየሁት፤ ስድስት ቀን በሰው ቤት ቆማ የምትውል ሴት ሰባተኛውን ቀን ምስጋናዋን ለማድረስ ባቡር ላይ ስትቆም ታየኝ።

ማቲልዴ ደብተሯን ዘጋች። «አሎራ፣ በሉ እንግዲህ» አለች፣ «እንፈልጋት።»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን መፈለግ ጀመርን። ልጅቱ ዓይን አፋር አይደለችም፤ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ማቲልዴ የምትባል ሴት ያውቅ እንደሆን ትጠይቃለች።

መጀመሪያ ያገኘናት ማቲልዴ ሴት አልነበረችም። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አጠገብ ዳቦ የሚጋግር ሰውዬ «አዎ፣ አብረን ነው የምንኖረው፣ ኑ ላሳያችሁ» ብሎ ወደ ጓዳ ወሰደን። ዘመናይ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሰውዬው ከመደርደሪያ ላይ ትልቅ ብርጭቆ ማሰሮ አውርዶ ክዳኑን ከፈተው። ውስጡ ኩፍ ብሎ አረፋ የሚደፍቅ እርሾ ነበር።

«ይቺውላችሁ ማቲልዴ። አርባ ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣሁላት በአማቴ ነው፤ ትንሽ ነገር ካስቀየማት ታብጣለች» አለ።

ሙሽራ እንደሚያስተዋውቅ ነበር የሚናገረው። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ዱቄትና ውኃ ሳይሰጣት እንዳልዋለ፣ ለእረፍት ሲሄድም መኪናው ውስጥ ይዟት እንደሚሄድ ነገረን። ዘመናይ ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ያን ቀን ሳቀች።

ቀጥሎ ማቲልዴ ከቤተ መጻሕፍት ያገኘችውን ይዛ መጣች። ከዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ማቲልዴ የምትባል ጦር ያዘመተች መኮንን ሴት ነበረች፤ መቃብሯም ቅዱስ ጴጥሮስ ውስጥ ነው። ረጅም ሰልፍ ጠብቀን ገባን። ሐውልቷ ቆማ ትታያለች። ልጅቱ ከሥር ሆና አንጋጣ አየቻት፤ ብዙ ቆየች።

«እሷ አይደለችም» አለች ዘመናይ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ ማማ። ግን እንዴት ነው አቋቋሟ።»

ሦስተኛዋ ያስተማሯቸው ልጆች አያት የሆኑላቸው አንዲት መነኩሴ ነበሩ። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ገዳም የሚኖሩ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሲስተር ማቲልዴ። እኔ የማስታምማቸው እመቤት ናቸው የጠቆሙኝ፤ በልጅነታቸው መነኩሲቷ ጥልፍ አስተምረዋቸዋል። ዘመናይ ገና ከበሩ ስታያቸው ፊቷ ወደቀ፤ ረጅም ነበሩ። ቢሆንም አስቀምጠውን ታሪኩን ሁሉ ሰሙ። ሲያበቃ፣

«ጥልፉ የት ላይ ነበር? ኪስ ላይ ነው ደረት ላይ?» ብለው ጠየቁ።

«ደረት ላይ። ትልቅ ነው። ከሥሩ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ መስመር አለው» አለች ዘመናይ።

መነኩሲቷ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ሠራተኛ የራሷን ስም ስታስጠልፍ ትንሽ አድርጋ ጥግ ላይ ነው። እንደሱ ያለውን በመቶ የሚቆጠር ጠልፌያለሁ፤ የድርጅት ነው። ማዕበል ካለበት የባሕር ዳርቻ ላይ ፈልጉት።»

ስንወጣ ዘመናይ የትራም ፌርማታው ላይ ቁጭ አለች። ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ አልተነሣችም።

«እትዬ የሺ፣ ልጄን በሱቅ ስም ነው የሰየምኳት ማለት ነው?» አለችኝ።

በሰው አገር፣ ቋንቋ ሳታውቅ፣ የነበራትን ብቸኛ ስጦታ ለልጇ ሰጥታለች፤ ያም ስሕተት ሆኖ ተገኘ። «ይቅርብን፣ ይብቃን» አለች። ልጅቱ ግን ከፊቷ ቆማ ጣሊያንኛውን ከአማርኛ እያደባለቀች፣

«ማማ፣ ስሙ የሱቅ ቢሆንም ሴትዮዋ ሱቅ አይደለችም። ሰው ናት። አንቺ የምትፈልጊው ስሙን ነው ሴትዮዋን?» አለቻት።

በሚቀጥለው እሑድ ኦስቲያ ሄድን። ኅዳር ስለነበር የባሕሩ ዳርቻ ጭር ብሏል፤ ጃንጥላዎቹ ተሰብስበዋል፣ አሸዋው ላይ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው ያሉት። አራት ቦታ ጠይቀን አጣን። አምስተኛው ቡና ቤት ባለቤቱ ስኒ እየጠረገ፣

«ማቲልዴ? ላቫንዴሪያው ነዋ» አለ። «የመዋኛ ቤቶቹን ፎጣና የሆቴሎቹን አንሶላ የሚያጥበው ቤት። ከተዘጋ ሰባት ዓመቱ ነው። ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

ዘመናይ ወደ ፊት ቀረበች። «መነጽር የምታደርግ፣ አጭር። ግራ እጇ ላይ የካውያ ጠባሳ ያለባት።»

ሰውዬው ስኒውን አስቀመጠ። «ኢንኮሮናታ» አለ።

ቤቷ ከቡና ቤቱ ጀርባ ባለ መንገድ ላይ ነበር። ደወሉን የደወለችው ልጅቱ ናት። በሩን የከፈተችው ወደ ሰባ የሚጠጋ ዕድሜ ያላት ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ እጇን በፎጣ እያደረቀች ነበር። ሦስታችንን ተራ በተራ አየችን፤ አላወቀችንም። ዘመናይ ስንት ዓመት ስታጠናው የኖረችው ምስጋና ሁሉ ጠፋባት። የሴትዮዋን ግራ እጅ ያዘች፣ ገልበጥ አድርጋ ጠባሳውን አየች፣ ከዚያ ሳመችው።

ኢንኮሮናታ መነጽሯን አወረደች። ከእናቲቱ ወደ ልጅቱ ተመለከተችና፣

«ባቡሩ» አለች። በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጠን ልጅቱ ስሟን ስትነግራት ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይ ጉድ። እኔ እኮ የጠየቀችኝ የት እንደምሠራ መስሎኝ ነው» አለች። መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቱ ናት፤ ከዚያ ማናችንም ልናቆም አልቻልንም። ስናበቃ ኢንኮሮናታ ስሙ የሱቅ ስም ብቻ እንዳልሆነ ነገረችን። የድርጅቱ ባለቤት እናት ማቲልዴ ባሏ ሞቶባት በእጇ የሰው አንሶላ እያጠበች አምስት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። «ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በስሟ ብትኮሪ ያምርብሻል» አለቻት።

«ለመሆኑ ማዋለድ የት ተማርሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ? ወልጄም አላውቅ። ያየሁት ድመት ስትወልድ ብቻ ነው» አለች። «ሰው ሁሉ ሲርቅ ተናድጄ ነው የሄድኩት። ከተንበረከክሁ በኋላ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጁን እጥለዋለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ተነሥቼ ልሸሽ ምንም አልቀረኝም። ያኔ እሷ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ አንድ ቃል ደጋግማ አለችኝ። እየሰደበችኝ ይሆን ብዬ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የስድብ አልነበረም። መንቀጥቀጤ ቆመ። ቃሉን አልረሳሁትም፣ ትርጉሙን የነገረኝ ግን የለም።»

«ምን ነበር ያለችሽ?»

ኢንኮሮናታ እንደ ተማሪ ቀና ብላ ተቀመጠች። «አይዞሽ» አለች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ።»

ወደ ዘመናይ ዞርኩ። ጠረጴዛውን እያየች ነበር። «አላስታውስም» አለች። «ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር። ያን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ጠንካራ ሴት አይቻለሁ። በማታውቀው አገር፣ ባቡር ወለል ላይ እያማጠች አዋላጇን የምታጽናና ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ያውም አድርጋው የረሳችው።

ልጅቱ ቃሉን ለመተርጎም ታገለች። «ኮራጆ ማለት ነው» አለች፣ በጣሊያንኛ በርቺ እንደማለት፤ ወዲያው ግን ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ እሱ ብቻ አይደለም። አትፍሪ፣ ደግሞ እኔም አለሁ ማለት ነው።» ኢንኮሮናታ ቃሉን አንዴ ደግማ ለራሷ አለችና ተነሥታ ሻይ ጣደች።

በየካቲት ኢንኮሮናታ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ኦፕራሲዮን ሆነች። ዘመድ ብትል ፎጃ ከተማ ያለ አንድ የወንድሟ ልጅ ብቻ ነው ያላት። ዘመናይ ይህን ስትሰማ የዓመት ፈቃዷን ጠይቃ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ዋለች፤ አጠበቻት፣ አበላቻት፣ በክንዷ ደግፋ እንደገና መራመድ አለማመደቻት። እኔም በዕረፍት ቀኔ ሾርባ ይዤ ስሄድ ነርሷ ፎርም ስትሞላ ደረስኩ።

«ለታማሚዋ ምኗ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኅቷ» አለች ዘመናይ።

ነርሷ ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸው። ኢንኮሮናታ ከአልጋው ላይ ሆና «ታናሼ ናት፣ ጻፊው» አለች። ነርሷም ጻፈችው።

አሁን ሰኔ ነው። ኢንኮሮናታ በምርኩዝ ትሄዳለች። እሑድ ከሰዓት ኦስቲያ ወርደን አሸዋው ላይ ፎጣ እናነጥፋለን፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማቲልዴን ዋና ታስተምራለች። ራሷ ውኃው ውስጥ አትገባም፤ ከዳር ሆና «እግርሽን! እግርሽን!» እያለች ትጮኻለች። ዘመናይ ጣሊያን ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ ባሕር ነክታ አታውቅም። ባለፈው እሑድ ልጇ ትንሽ ርቃ ስትዋኝ አይታ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባችና እዚያው ቆመች። ልጅቱ እስክትመለስ ድረስ ውኃው ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት።