የወገብ ዋግምት

ሪሃም ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ ሙሉ ሰመመን ውስጥ ሆና በቀዶ ጥገና ወልዳለች። ሁለቱንም ጊዜ ስትነቃ ሕፃኑ ሞቶ ተቀብሮ ጠበቃት፤ ለቅሶውን እንኳ አልሰማችም። ለሦስተኛው ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ነቅታ መውለድ፣ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ በገዛ ጆሮዋ መስማት።

በደማንሁር ከተማ ሆስፒታል ሰመመን ሰጪ የሆነችው ዶክተር ማግዳ ከወር በፊት አይታት ነበር። ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመሟ ክርኗንና ጉልበቷን ቅርፊት ቢያለብሰውም ወገቧ ንጹሕ ነው። «መርፌውን እዚህ እወጋሻለሁ፤ የሚደነዝዘው ከወገብሽ በታች ብቻ ነው» ብላት ነበር።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት ሐኪሟ የሪሃምን ልብስ ከኋላ ገለጠችና መርፌውን መልሳ አስቀመጠች።

«ምነው ዶክተር?»

«ወገብሽን ማን ነው የበጣሽ?»

«ዋግምት ነው። አማቴ ናቸው ያሳገሙኝ፣ መጥፎው ደም ይውጣልሽ ብለው።»

ምላጩ ያረፈበት ሁሉ ቀይ ቅርፊት አብቅሏል። የጣት ስፋት የምታህል ንጹሕ ቦታ አልተረፈችም።

«በዚህ ቁስል ላይ ብወጋ ኢንፌክሽኑን ወደ ሰረሰርሽ ማስገባቴ ነው። ማስተኛት አለብኝ፣ ልጄ።»

«አልተኛም! በአላህ ይዤሻለሁ!»

«እኔ እኮ ለባልሽ ነግሬው ነበር፣ ያኔ አንቺ ስትመዘኚ። ቆዳዋ በተቆረጠበት ሁሉ ሕመሙ ይወጣል፣ ወገቧን ምላጭ እንዳይነካው ብዬ።»

ሪሃም በሩ ላይ ወደቆመው ባሏ ዞረች። ስትታገም አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጇን ይዞ «ቻይው» ይላት የነበረው ይኸው ሐምዲ ነው። አማቷስ የሚያውቁትን አደረጉ። እሱ ግን እያወቀ!

«ታውቅ ነበር?»

«እናቴን እንዴት እምቢ ልበላት? ታውቂያት የለም እንዴ፤ ቤቱን ቀውጢ ታደርገዋለች። ደግሞ ትንሽ ብጣት ምን ያመጣል ብዬ…»

«እኔን መካድ ቀለለህ።»

ሰው እንዲህ ነው፤ የሚጮኸውን ፈርቶ ዝም የሚለውን ይበድላል።

ከሰመመኑ ስትነቃ ጉሮሮዋ ደርቋል። ሴት ልጇ ደረቷ ላይ በሰላም ተኝታለች። ሐምዲ እየተቅለሰለሰ ስልኩን አወጣ።

«በር ላይ ሆኜ የመጀመሪያ ለቅሶዋን ቀዳሁልሽ። ስሚው።»

ጆሮዋ ላይ ደቀነላት። አንዲት ቀጭን ድምፅ ጀመረች፤ ወዲያው የአማቷ የሐጃ ቡሰይና እልልታ ዋጣት። እስከ መጨረሻው እልልታ ብቻ ነበር።

ሪሃም ስልኩን መለሰችለት።

«ለእናትህ ላክላቸው» አለችው። «የሳቸው ነው።»